ቀይ መብራት ጥሰው የማያውቁት ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ የአንዲት አሮጊት ጫማ እያሰርኩ ሳለ ነው። የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። አቶ ክፍሌ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲደውሉ ግን ልቤ ፈራና ኮሪደር ወጥቼ አነሳሁት። አቶ ክፍሌ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ትንሽ ግሮሰሪ ያላቸው፣ የማህበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ነገር ማስረዘም አይወዱም።

“ፀዱ፣ ጋሽ ደምሴ አረፉ” አሉኝ። “ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ቲኬት በሚቀበሉባት ቡዛቸው ውስጥ እንደተቀመጡ። አንዱ ባለመኪና ቲኬቱን ቢዘረጋላቸው ዝም አሉት።”

“ኧረ በማርያም!” ብዬ ስጮህ የሁለት ክፍል በር ተከፈተ። እሑድ አብሬያቸው ነበርኩ እኮ! እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት አድርሰው፣ በሩን ከፍተው ደግፈው አውርደው፣ “እማማ፣ በረዶው ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ” ብለው የሄዱ ሰው ማክሰኞ ሞቱ ሲሉኝ እንዴት ልመን? ሱፐርቫይዘሬ መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። አባቴ አይደሉ፣ አጎቴ አይደሉ። ጎረቤቴ ነበሩ ብላት ምን ይገባታል? ዝም ብዬ ቤተሰብ ሞተብኝ አልኳት።

ይህ የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሰውየው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከፓርኪንግ ዩኒፎርማቸው ስር ክራባት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። የአንድ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። ያኔ የምኖረው አውሮራ፣ ከኮልፋክስ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እሳቸው ከእኔ ስር። ዕቃዬን ጭኜ የመጣሁ ቀን ማንም ሳይጠራቸው ወጥተው ፍራሼን በአንድ ጫፍ ያዙልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴ ሆኑ፤ ጎረቤት ስል እንደዚህ አገሩ በእጅ ሰላምታ ተሰጣጥቶ የሚተላለፍ አይደለም።

ሕግ ሲያከብሩ ያየ ሰው ይስቃል። አንድ ቀን፣ እኔ ገና መኪና ሳልገዛ፣ በረዶ እየጣለ ኮልፋክስን ልንሻገር ቆመናል። 15 ቁጥር አውቶቡስ ከማዶ በሩን ከፍቶ ሰው ያወርዳል። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። ግን የእግረኛው መብራት ቀይ ነው። እኔ ሥራ ሊረፍድብኝ ነው፣ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። ሹፌሩን “እባክህ አንድ ሽማግሌ አሉ” ብዬ ለመንኩት፤ አየት አደረጋቸውና ትንሽ ጠበቃቸው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ባርኔጣቸው ላይ በረዶ እየተከመረ፣ በእጃቸው ሂጂ ሂጂ አሉኝ። አውቶቡሱ ሄደ። በማግስቱ “ምን ነካዎት ጋሽ፣ መኪና እኮ አልነበረም!” ብላቸው፣ “ሕጉ መኪና ካለ አይልም” አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ትራሳቸውን ላጥብላቸው ብዬ ጫፉ ላይ ፋብሪካው የሰፋባትን ጨርቅ በመቀስ ልቆርጣት ስል፣ እሳት የነካቸው ያህል ብድግ አሉ። “ተይ! ተይ! አንብቢው!” አነበብኩት። ይህን ምልክት ማንሳት በሕግ ያስቀጣል ይላል። ዝቅ ብሎ ግን ከገዢው በቀር ይላል። “ገዢው እርስዎ ነዎት እኮ ጋሽ፣ እርስዎን አይመለከትም!” ብላቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና “ቢሆንም ምን አስቸኮለን” ብለው መቀሱን ከእጄ ወሰዱ። ስንት ቀን በዚህ ስቄባቸዋለሁ!

ለእኔ የዋሉልኝ ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም። የጠዋት ሺፍት ስለነበረኝ ክረምቱን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ተነስተው የመኪናዬን በረዶ ጠርገው ይጠብቁኝ ነበር። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ሳስገባ ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። “ለምን ሁለት ኢንተርኔት? እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፣ ይጠቀሙበት” አልኳቸው። ማን ጎረቤቱን ፓስዎርድ ይከለክላል? ባልሰጣቸው ነበር ነውሩ።

ኢንተርኔቱን ምን እንደሚሠሩበት አውቅ ነበር፤ አውቅ ነበር ማለት፣ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከማህበራችን ሦስት ሰዎች ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ ይሄዳሉ። አንዷ የአቶ ክፍሌ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ደም በቱቦ ሲዞር መቀመጥ ነው። ጋሽ ደምሴ ከሥራ ውጭ በሆኑ ቀን ያመላልሷቸዋል። ታዲያ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ገዝተው፣ በየጊዜው አዲስ ፊልም በዲስክ እየገለበጡ ይሰጧቸዋል። ፊልሙን መጀመሪያ ራሳቸው ያዩታል። ራቁት ነገር ካለበት “ይሄ ለአልማዝ አይሆንም” ብለው ይጥሉታል። አንዱ ተኩስ ይወዳል፣ አንዱ ፍርድ ቤት ያለበትን፤ ሁሉንም በልባቸው ይዘውታል። ወይዘሮ አልማዝ አንድ ቀን “ደምሴ ባይኖር ያቺ ወንበር ቀድማ ትገድለኝ ነበር” ብለውኛል።

ፊልሙ ከየት ይመጣል ብሎ የጠየቀ የለም። አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው ላፕቶፓቸው ላይ ቶረንት የሚባለውን ፕሮግራም የጫነላቸው። ላፕቶፑ ፍሪጁ ላይ ተከፍቶ ተቀምጦ ሁልጊዜ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

“ጋሽ፣ ይሄ ኮምፒውተር አይተኛም እንዴ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

ደስ ብሏቸው አስረዱኝ። “አየሽ ፀዱ፣ ይሄ እንደ ማህበር ነው። ፊልሙን የሚሰጠኝ አንድ ሰው አይደለም፤ አንዱ ከዚህ ቁራጭ፣ አንዱ ከዚያ ቁራጭ ያዋጣልኛል። እኔም የወሰድኩትን ለሌላው እሰጣለሁ። ይኸውልሽ፣ ይሄ የወሰድኩት ነው፣ ይሄ የሰጠሁት። ሰዎች ፊልሙን እንዳገኙ ዘግተው ይሄዳሉ አሉ። በማህበር በልተሽ ተራሽ ሲደርስ ትጠፊያለሽ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ከወሰድኩት እጥፍ ሳልሰጥ አልዘጋም።”

እኔ ምን አውቄ! “እርስዎ መቼም ደግ ነዎት” ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ሁለታችንም ለዜግነት ፎርም መሙላት የጀመርነው። እኔ የቸኮልኩት ለእናቴ ነው። እናቴ ደሴ ብቻዋን ነበረች፣ ዓይኗም እየደከመ ነበር፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ወላጁን ማምጣት አይችልም፣ ዜጋ መሆን አለበት። ፈተናውን ያስጠኑኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። መኪናዬን ቡዛቸው አጠገብ ፓርክ አድርጌ በመስኮቱ ይጠይቁኛል፦ ሕገ መንግሥቱ ምን ያደርጋል? ሴናተር ስንት ዓመት ያገለግላል? ከሳቸው ተምሮ ዜጋ የሆነው ሰው ብዛቱ! እሳቸው ግን ሌላውን ሲያስጠኑ የራሳቸውን ሲያቆዩ ኖረው፣ በመጨረሻ “አብረን እንሙላ” ብዬ ጎትቼ አስጀመርኳቸው። የእኔ ሄደ። የሳቸው ፎቶግራፍ ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። “መምረጥ እፈልጋለሁ ፀዱ” ይሉኝ ነበር። “በዚህ ዕድሜዬ አንድ ቀን ተሰልፌ ድምፄን ብሰጥ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።”

ደብዳቤው የመጣው ዓርብ ቀን ነው። ከኢንተርኔት ኩባንያዬ ነው። የወሩ ቢል መስሎኝ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። አንድ የፊልም ኩባንያ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሷል፤ የሰውየው ኢንተርኔት አድራሻ የእርስዎ ነው፤ ፍርድ ቤት ስምዎንና የቤት አድራሻዎን እንድንሰጥ አዞናል፤ ተቃውሞ ካለዎት እስከዚህ ቀን ለፍርድ ቤቱ ያቅርቡ ይላል። ከስሩ የፊልሙ ስም። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ፊልም። ቀኑና ሰዓቱም አለ፤ በዚያ ሰዓት እኔ ሥራ ላይ ሰው እያጠብኩ ነበርኩ።

በስመ አብ! እኔ በሕይወቴ ፍርድ ቤት ደጅ ቆሜ የማላውቅ ሰው! ወዲያው የመጣብኝ የእናቴ ፊት ነው። ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ በዓይኔ ላይ ሄደ፦ ያልተያዙበት ወንጀል ወይም ጥፋት ፈጽመው ያውቃሉ? አላውቅም ብዬ ፈርሜ ልኬያለሁ። አሁን ኢንተርቪው ስቀመጥ “ይሄስ?” ቢሉኝ ምን እላለሁ? አለቀልኝ፣ እናቴን ሳላያት ልትሞትብኝ ነው አልኩ።

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ። “ጋሽ፣ ይሄን ፊልም ያውቁታል?”

ፊታቸው በራ። “አዎ! እንዴት አላውቀውም! የዲያሊስስ ሰዎቼ የወደዱት ነው። መጨረሻው ደስ ይላል፣ ላውጣልሽ?”

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

“አልሸጥኩትም እኮ ፀዱ” አሉ ቀስ ብለው። “አንድም ቀን አንድም ዲስክ አልሸጥኩም። ሌብነት መሸጥ መስሎኝ…”

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ! እኔ ግን ስናደድ አፌ አያርፍም። ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኳቸው። “እርስዎ ነዎት ሕግ አዋቂው? ባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያከብራሉ፣ ቤትዎ ውስጥ በእኔ ስም ይሰርቃሉ! እናቴን ገደሏት! ነገ ምን ብለው ነው ቀኝ እጅዎን አንስተው ለዜግነት የሚምሉት? እንደርስዎ ያለ ሰው ዜጋ ልሁን ብሎ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው!”

ቀኝ እጃቸውን አዩት። ከዚያ “እውነትሽን ነው” አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ፍሪጁ ላይ ያለው መብራት የዚያኑ ዕለት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ አላናግራቸውም አልኩ። ጠዋት መኪናዬ ተጠርጎ አገኘዋለሁ፤ እሳቸው ግን ዘወር ብለው ነው የሚጠብቁት። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩም።

በሳምንቱ ላይብረሪ ውስጥ በነጻ የሕግ ምክር የምትሰጥ ወጣት ጠበቃ አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ደብዳቤውን አይታ፣ የጋሽ ደምሴንም ነገር ሰምታ አልደነገጠችም፤ እንዲህ ያለ ብዙ ይመጣላታል። በቶረንት ስታወርጂ ኮምፒውተርሽ ለሌላ ሰውም ያከፋፍላል፣ ከሳሾቹ አጥብቀው የሚይዙት ማከፋፈሉን ነው አለችኝ። የመሸጥና ያለመሸጥ ጉዳይ አይደለም። ለአንድ ፊልም ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ ሰው ቤት ሊያፈርስ ይችላል። “ደብዳቤውን ችላ አትበይ፣ አትዋሺ፣ ከኮምፒውተርሽ ምንም አታጥፊ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው የከሳሹን ጠበቃ ራሱ ሄዶ እንዳያናግር፤ የምትሉትን ሁሉ ይጽፉታል” አለችኝ።

“ዜግነቴስ?” አልኳት።

“ይህ በሁለት ወገኖች መካከል ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክር ነው፣ ፖሊስ የለበትም። ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ ይህን አይደለም የሚጠይቀው። ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ጎረቤትሽም ቢሆን በዚህ ምክንያት ዜግነት አይከለከልም።”

እፎይ አልኩ። ከላይብረሪው ስወጣ በሩ አጠገብ መደርደሪያ ሙሉ ፊልም ተደርድሯል፤ በነጻ የሚያውሱት። ቆሜ አየሁትና ተናደድኩ። ጋሽ ደምሴ ይሄን ቢያውቁ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ጠበቃዋ ከከሳሾቹ ጠበቃ ጋር ተነጋግራ ደወለችልኝ። “ዳውንታውን የከሳሾቹ ጠበቃ ቢሮ ድረስ ዳቦ ይዘው የሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች የአንቺ ሰዎች ናቸው?”

“ምን?” አልኩ። “ምን ዳቦ?”

ጉዱን ያጫወቱኝ አቶ ክፍሌ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ለካ ሽማግሌ ሰይመው ኖሯል! የበደለ ሰው አገር ቤት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይዞ፣ ደጅ ሄዶ፣ በደሌ ይኸው ብሎ ተናዞ፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እሳቸውም ይህንኑ አደረጉ። አቶ ክፍሌን ያዙ። ከወንጌላውያኑ ደግሞ አቶ ጴጥሮስን ያዙ፤ ከሳሹ የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለቱም ወገን ይኑር ብለው። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሊፍት ወጡ። እንግዳ ተቀባይዋ የሃይማኖት ሰባኪዎች መስለዋት ልታባርራቸው ነበር አሉ። ጠበቃው ወጣት ነው። አቶ ክፍሌ ተነስተው “እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው” ብለው ንግግር አደረጉ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው “ያቺ ልጅ ምንም አታውቅም፣ አጥፊው እኔ ነኝ” አሉና ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

ወረቀቱ ላይ ያወረዱት ፊልም ሁሉ በቁጥር ተጽፏል፤ ቀኑ፣ ስሙ፣ ለማን እንደሰጡት። ጠበቃው የሚያውቀው አንድ ፊልም ነው። ወረቀቱ ላይ አርባ አንድ ነበር።

“ጠበቃ አላችሁ?” ብሎ ጠየቃቸው አሉ ልጁ።

“እኛ ነን” አሉት አቶ ጴጥሮስ።

ዝርዝሩን ተቀብሎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ዋናውን በአክብሮት መለሰላቸው። ዳቦውንም አመስግኖ ተቀበለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርቁ የተፈጸመ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ወጡ።

ስሰማ ራሴን ያዝኩ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አበስኩ ገበርኩ፣ ሰው እንዴት በገዛ እጁ አርባ አንድ ገመድ አንገቱ ላይ ያስገባል! በሁለት ሳምንት ውስጥ ክሱ ከእኔ ላይ ተነስቶ በሳቸው ስም ዞረ። ያቺ ጠበቃ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ገብታበት ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ሁለተኛ ላያደርጉ ፈረሙ፣ የተባሉትንም ከደሞዛቸው እየቆረጡ ዓመት ከምናምን ከፈሉ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ለዲያሊስስ ሰዎቻቸው ከዚያ ወዲህ ከላይብረሪው እየተዋሱ ያመጡላቸው ነበር፤ ከቀኑ አንድ ቀን ሳያሳልፉ ይመልሳሉ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እኔንም ከሳቸው ጋር አስታረቁኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሱኝ። “አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እውነት ነው የተናገርሽው” አሉኝ። “አፌ ነው ጋሽ፣ ይርሱት” አልኩ። “የሲቲዝንሺፕ ነገርስ፣ የእርስዎ ከምን ደረሰ?” ብላቸው “የእኔን ተይው፣ ያንቺ ይቅደም” አሉኝ። እኔም ተውኩት። ደስታዬ በዝቶብኝ ነበር።

ኢንተርቪው ላይ ያ ጥያቄ መጣ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ ሰውየው ጻፍ ጻፍ አደረገና ወደሚቀጥለው አለፈ። ያን ያህል ነው። መሐላው ቀን ጋሽ ደምሴ ሥራ ቀርተው፣ ክራባት አስረው፣ ከእንግዶቹ መሀል ቆመው ነበር። እኛ ቀኝ እጃችንን አንስተን ስንምል ዞር ብዬ አየኋቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ጥፍንግ አድርገው ይዘዋል። ትከሻቸውን ያማቸው ነበርና ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

በምርጫ ጊዜም እንዲሁ። ድምፅ መስጫ ወረቀታችን በፖስታ ነው የሚመጣው፤ ጋሽ ደምሴ ሽማግሌዎቹን በመኪናቸው ጭነው ወረቀቱ የሚከተትበት ሳጥን ጋ ያደርሳሉ። እዚያ የሚታደለውን “መረጥኩ” የሚል ተለጣፊ ሁላችን ደረታችን ላይ ስንለጥፍ፣ እሳቸው የተሰጣቸውን መኪናቸው ዳሽቦርድ ላይ ይለጥፉታል። ኮታቸውን እንዳያበላሽባቸው ነው እል ነበር። እሳቸውን መረጡ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሁላችንን ያስጠኑ ሰው እኮ ናቸው።

እናቴ መጣች። ዓይኗን ታከመች። እኔ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቼ ወጣሁ፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ በየእሑዱ ግን እናቴን ቤተ ክርስቲያን ያመላልሱልኝ ነበር፣ እስከዚያች እሑድ ድረስ።

በሦስተኛው ቀን ከአቶ ክፍሌ ጋር አፓርትመንታቸው ገባን። ለቀብሩ ወረቀት ያስፈልጋል ተብሎ ፓስፖርታቸውን ልንፈልግ ነው። ቤቱ ጥርግርግ ያለ ነው። አልጋው ላይ ትራሳቸው አለ፤ ያቺ ጨርቅ ሳትቆረጥ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላለች። ሳያት እንባዬ መጣ። ከአልጋው ስር የወረቀት መያዣ ሳጥን አገኘን። አቶ ክፍሌ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት ፈለጉ። የለም። ደግመው ፈለጉ። ያገኙት ግሪን ካርድ ነው።

“ዜጋ አልነበሩም እንዴ?” አሉ ደንግጠው።

ከስር ፎርሙ ነበር። አብረን ጠረጴዛው ላይ የሞላነው። ሁለት ፎቶግራፎች በክሊፕ ተይዘውበታል። ፎርሙን ገለጥኩት። ያ ጥያቄ ጋ ስደርስ ቀድሞ የተሞላው “የለም” በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ “አዎ” የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ተደርጓል። ማብራሪያ ካለ ያያይዙ በሚለው ቦታ ሁለት ገጽ ተያይዟል፤ አርባ አንዱ ፊልም፣ በቁጥር። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ፈርመውበታል። ቀኑን አየሁት። ደረጃው ላይ ከተናገርኳቸው ዕለት ማግስት ነው። አልላኩትም።

አቶ ክፍሌ “ምን ሆንሽ ፀዱ? ምን ይላል?” ይሉኛል። ያቺ በግራ እጃቸው የያዟት ቀኝ እጅ መጣችብኝ። እኔ ስምል፣ ከእንግዶቹ መሀል ቆመው፣ እንዳትነሳባቸው ይዘዋት ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፉት ተለጣፊዎች መጡብኝ፣ የስንት ምርጫ። ዋሽተው ቢልኩት ይቀበሏቸው ነበር። እውነቱን ጽፈው ቢልኩትም ይቀበሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የእኔን ቃል እንደ ፍርድ ተቀብለው፣ አንስተው አስቀመጡት።

መልሱን እኮ አውቀው ነበር። ጠበቃዋ በራሷ አፍ ነግራኛለች፣ ጎረቤትሽም ቢሆን አይከለከልም ብላኛለች። ከእኔ በር እስከሳቸው በር አሥራ አራት ደረጃ ነው። ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ ወርጄ አልነገርኳቸውም፤ ከታረቅን በኋላ ደግሞ ረሳሁት።